የጋሼ ድፍን ቦታ

አጎቴን ጋሼ ድፍን ብለው የሰየሙት የሥራ ባልደረቦቹ ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ስም አለው፣ ግን በስሙ የምትጠራው ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም ስትናደድ ነው። ድፍን የተባለው በአንድ ነገር ነው። ዓሣውን ከየት እንዳመጣው አይናገርም። ብትለምነው አይናገርም፣ ብታስቀው አይናገርም፣ ብታኮርፈው ጭራሽ ደስ ይለዋል።

ጠዋት ጀልባውን ሲያስጠጋ ዳር ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን ያሰግጋል። ጆንያውን ሲገልጠው የሌላው ሰው ዓሣ መዳፍ የሚያህል ከሆነ የሱ ክንድ ያህላል።

«ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ከየት ነው?»

«ከውሃ።»

«ከየትኛው ውሃ?»

«ከርጥቡ።»

አለቀ፣ ሌላ ቃል አይወጣውም። ለማጥመድ ሲወጣም ወደ ድልድዩ ነው የሚቀዝፈው። ሰው እያየው፣ እጁን እያውለበለበ፣ የሰውን ልጅ ጤና እየጠየቀ፣ ወደ ድልድዩ። ጭጋጉ ሲውጠው ግን ይታጠፋል። ወዴት እንደሚታጠፍ የሚያውቁት እሱና ዓሦቹ ናቸው፤ እኔም አውቃለሁ። እናቴ እህቱ ነበረች፣ ከመሞቷ በፊት በጆሮዬ ሹክ ብላኛለች። ቦታው ጉያ ነው። ጉያ የምንለው ሐይቁ ወደ መሬቱ ገባ ብሎ፣ ሸምበቆ ዙሪያውን ከቦት፣ ንፋስ እንኳ ተጠንቅቆ የሚገባበት ጸጥ ያለ ውሃ ነው። ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ለእኔ ዓይነቷ አፍ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

እውነቱን ለማውራት እኛ ጋ ሁሉም ድፍን ነው፣ እሱ ስለባሰበት ነው እንጂ። እኛ የሐይቁ ሰዎች ነን። ከተማው ሳይቆረቆር፣ አስፋልቱ ሳይነጠፍ፣ ባንኩ በሩ ላይ ጥበቃ ሳያቆም እዚህ ነበርን። የራሳችን ቋንቋ አለን። ከተሜው «የወፍ ቋንቋ» ይለዋል። ዓሣችንን ይበላና እኛን ሲያልፍ አፍንጫውን ይይዛል። ፀጉር ቤቴ ዳሩ ላይ ስለሆነ የሁለቱም ወገን ወሬ ይደርሰኛል። ከተሜዋ ሴትዮ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ገብታ «እነዚህ ሰዎች እኮ...» ብላ ስትጀምር ፀጉሯ የተጠቀለለበትን ቢጉዲን ትንሽ ጠበቅ አደርግላታለሁ።

በኛ ቤት ልጅ ከዋሸ ይቀጣል። ዓሣ የት እንዳለ ሲጠየቅ ግን እውነቱን ከተናገረ ነው የሚቀጣው። ስለዚህ አጥማጅ ሲጠየቅ ወይ «ድልድዩ ጋ» ይላል ወይ «ቋጥኙ ጋ» ይላል። ድልድዩ ጋ ዓሣ ከጠፋ ስንት ዘመኑ።

የጋሼ ድፍን ልጅ ደግሞ የአባቷ ተቃራኒ ናት። ኮፒ ቤት ትሠራለች፣ ላይቭ ነው የምንላት። ዝናብ ዘነበ ብላ በስልኳ ላይቭ ትገባለች፣ መብራት ጠፋ ብላ ላይቭ ትገባለች፣ አንዴ አባቷ ሲያንኮራፋ ላይቭ ገብታ ከቤት ልትባረር ምንም አልቀራትም። ግን የቀልድ ልጅ ብቻ እንዳትመስላችሁ። የኛን ቋንቋ ስልክ ላይ መጻፍ እንደሚቻል ያሳየችን እሷ ናት። «የሐይቁ ልጆች» የሚል ገጽ ከፍታ በየቀኑ አንድ ቃል ትለጥፋለች፤ ቃሉን የሚናገሩት አሮጊቶቻችን ናቸው። መጀመሪያ ሰው የሚያየው ለሳቅ ነበር። ቀስ እያለ ቃሉ ጥያቄ ሆነ። ልጆቻችን በቋንቋቸው የሚያስተምራቸው ለምን ጠፋ? ጀልባ ማቆሚያው ለምን መብራት አልገባለትም? እንደኛው ከድሮ ጀምሮ የነበሩ ሰዎች፣ ከጫካው ማር ቆራጮቹ፣ ከተራራው ከብት አርቢዎቹ፣ «እኛም ጋ እንዲሁ ነው» እያሉ መጻፍ ጀመሩ። ላይቭ ሁሉንም ታውቃቸዋለች፣ አንዳቸውንም በአካል አይታ አታውቅም።

እንዲህ እያለን አንድ ቀን ሐይቁን የሚያስተዳድረው ቢሮ ማስታወቂያ አወጣ። የተባዛው ላይቭ የምትሠራበት ኮፒ ቤት ስለነበር ለጣፊው ሙጫውን ይዞ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ሰው አንብቦ ጨርሷል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ጉያ «ማንም የማይጠቀምበት» ውሃ ስለሆነ ታጥሮ በሽቦ ቋት ዓሣ ለሚያረባ ድርጅት ሊሰጥ ነው። ተቃውሞ ያለው በወር ጊዜ ውስጥ ያቅርብ።

ይሄ ሲነበብ ጋሼ ድፍን ፀጉር ቤቴ ደጃፍ ላይ ሻይ እየጠጣ ነበር። ስኳር የገባበት ሻይ ላይ እንደገና ስኳር ጨመረ፣ አማሰለው፣ ሳይጠጣው ተነስቶ ሄደ።

ላይቭ መረብ መጠገኛው ዳስ ውስጥ ሰዉን ሰበሰበች። «ነገሩ ቀላል ነው» አለች። «እያንዳንዱ ሰው ከሚያጠምድበት ቦታ ቪዲዮ ይሥራ። በቋንቋችን ‹እዚህ ነን› ይበል፣ የት እንደሆነ ይናገር። እኔ እለጥፈዋለሁ፣ ሌሎቹ ያጋሩልናል። ውሃው ባዶ አለመሆኑን አገር ይየው።»

ሁሉም እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ሲነቀንቁ አንዳቸው የሌላኛቸውን ዓይን እንዳላዩ ያኔውኑ ልብ ማለት ነበረብን።

ከዚያ በኋላ ጉድ ፈላ። ስልክን «ሃሎ» ለማለት ብቻ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ካሜራ ከፋች ሆኑ። አንዱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አፍንጫውን ቀረጸ። ሌላው ስልኩን እንደ ለመደው ጆሮው ላይ ለጥፎ ተናገረና ቪዲዮው ሙሉ ጆሮ ሆኖ ወጣ፤ ላይቭ እሱንም ለጠፈችው፣ ከሁሉም በላይ የተወደደው እሱ ነው። እማማ ቢላ፣ ዳር ላይ ዓሣ እየሰነጠቀች የምትሸጠዋ፣ አጥሩን በቋንቋችን ስትረግመው ከተማ ያሉ ወጣቶች ርግማኑን ዘፈን አድርገው ጨፈሩበት። ማር ቆራጮቹ ከዛፍ ሥር «እኛም እዚህ ነን» ብለው ላኩ። አርቢዎቹ ከነላሞቻቸው ላኩ። ላይቭ ምሳ መብላት ተወች።

ጋሼ ድፍንም ሠርቶ ላከ። «ድልድዩ ጋ ነኝ። እዚህ ነን» ይላል። አጭር ነው፣ እንደ ራሱ።

ወሩ ሊያልቅ ሲል የቢሮው ቃል አቀባይ በቪዲዮ ወጡ። እኚህን ሰውዬ ሳስመስላቸው ደንበኞቼ ካስክ ውስጥ ይንፈራፈራሉ። መጀመሪያ ክራባታቸውን ይነካሉ። ከዚያ ጉሮሯቸውን እንደ ተደፈነ ቧንቧ ይጠርጋሉ። «በቅድሚያ የሐይቁ ዳር ማኅበረሰብ ላሳየው፣ እእእ፣ ንቁ ተሳትፎ ምስጋናችን የላቀ ነው። ባለሙያዎቻችን ቪዲዮዎቹን በሙሉ፣ እእእ፣ ተመልክተዋቸዋል።» ይሉና ካርታ ያሳያሉ። ድልድዩና ቋጥኙ ኩፍኝ እንደ ወጣበት ልጅ ቀይ በቀይ ነጠብጣብ ሆነዋል። ጉያ ነጭ ነው። «እንግዲህ አጥማጆቹ በራሳቸው አንደበት እንዳረጋገጡልን፣ በተባለው ስፍራ፣ እእእ፣ አንድም ተጠቃሚ የለም።»

ሰውዬው አልዋሹም። የዋሸነው እኛ ነን። ያ ሁሉ አጥማጅ ስልኩን አብርቶ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ለመደው ቦታውን ደብቋል።

የዚያን ዕለት እትዬን፣ የጋሼን ሚስት፣ ቤቷ ሄጄ ፀጉሯን እየሠራኋት ነበር። ላይቭ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች። አባቷ መረቡን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቋጥራል።

«አባዬ፣ ያንን ቪዲዮ የት ሆነህ ነው የሠራኸው?»

«እዚያው።»

«የት እዚያው?»

«ያልኩት ቦታ ነዋ። ድልድዩ ጋ።»

«ከኋላህ የእማዬ ቀሚስ ገመድ ላይ ተሰጥቶ ይታያል።»

እትዬ በእጄ ውስጥ እንዳለች ዞረች፣ ጥቅሉ ተፈታብኝ። «የትኛው ቀሚሴ?»

«ሰማያዊው።»

«ያ ብብቱ የተቀደደው? አገር ሁሉ አየው?»

«ድልድይ ጋ ቀሚስ አይሰጣም እንዴ?» አለ ጋሼ፣ ከመረቡ ቀና ሳይል።

እኔ ሳቄን ውጬ ቀረሁ። ላይቭ ግን አልሳቀችም። መሬት ላይ እግሩ ሥር ቁጭ አለች። «አባዬ፣ የደበቅከው ጉያን ነው አይደል? ሊያጥሩት ነው እኮ። በነጩ ቦታ ላይ አንድ ሰው ካልታየ ሄደ ማለት ነው።»

መርፌው ሁለት ዓይን ዘለለ፣ እሱ ዘልሎ አያውቅም።

«ልጄ፣ ቦታ በአፍ አይወጣም» አለ። «አባቴ እንኳ ሲያሳየኝ አልተናገረም። ቀዝፎ ወሰደኝ፣ መቅዘፊያውን አቆመ፣ ዓይን ዓይኔን አየኝ፣ መለሰኝ። አሁን እኔ በስልክ ልለፍፈው? ነገ ቀጮ መረቡን ይዞ ሲመጣ ምን እላለሁ?»

ቀጮ ጎረቤቱ ነው። ሲጋራ የሚያህል ሰውዬ ነው፤ አፉ ግን የጀልባ ያህላል። ከልጅነታቸው ጀምሮ ማን ይበልጣል እየተባባሉ ነው ያረጁት።

«ቀጮ ቢመጣ መረቡን ጥሎ፣ መረቡን አንስቶ ይሄዳል» አለች ላይቭ። «አጥሩ አይሄድም።»

ወደ መረቡ አጎነበሰ።

በማግስቱ ፀጉር ቤቴ መጣ። ሻዩን አቀረብኩለት። ደንበኞቼ ነካ ነካ አደረጉት፣ «ጋሼ፣ ሰማያዊው ቀሚስ እንዴት አደረ?» ሲሉት እንኳ አልሰማም። ሰዉ ቀለል ሲል ጠጋ አለኝ።

«አንቺ ልጅ፣ በዚህ በስልኩ የወጣ ነገር ተመልሶ ይገባል?»

«አይገባም ጋሼ። እኔን ልጅህ ስዘፍን ለጥፋኝ ይኸው እስካሁን ከተማ ስወርድ በዘፈኑ ነው የሚጠሩኝ።»

«ብታጠፊውስ?»

«አጥፍታው ነበር። ሌላ ሰው ይዞት ቆየ።»

ብርጭቆውን አዞረው። «አባቴ ቢያይ ምን ይል ነበር?»

አያቴን አስመስዬ መናገር እችልበታለሁ። ድምፁን፣ ሳሉን፣ ከንፈሩን እንዴት እንደሚያጣምም፤ ሰርግ ላይ በግድ ያስደርጉኛል። ያን ቀን ግን አላስመሰልኩትም። «እንጃ ጋሼ» ብቻ አልኩት።

በነጋታው ጎህ ሲቀድ ላይቭን ቀሰቀሳት፣ እኔንም በመስኮት ጠራኝ። ሦስታችን ጀልባው ላይ ወጣን። ወደ ድልድዩ አልቀዘፈም። ዳሩ ሙሉ ሰው እያየው፣ አፍንጫውን በቀጥታ ወደ ጉያ ሰጥቶ ቀዘፈ። ከኋላችን አንዱ «ጋሼ፣ ድልድዩ በዚህ ነው» ብሎ ተጣራ። ጆሮው ቀላ፣ ጀልባውን ግን አላዞረም።

ጉያ ስንደርስ ላይቭ ስልኩን ከፈተች፤ ቦታ የሚያሳየውንም አበራችው። ጋሼ ድፍን ጀልባው ውስጥ ቆመ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። በቋንቋችን ነው የተናገረው፣ ላይቭ ከሥር እየተረጎመች።

«ድፍን የምትሉኝ እኔ ነኝ» አለ። «ይሄ ጉያ ነው። እዚህ ነኝ። ያኛውን ቪዲዮ ጓሮዬ ነው የሠራሁት፤ ቀሚሱ የሚስቴ ነው።» ወደ ውሃው አመለከተ። «እነዚህን ችካሎች የተከላቸው አባቴ ነው። እኔ አንዴ ነው የቀየርኳቸው። ዓሣው እንቁላል ሲጥል መረብ አንጥልም፤ ያኔ ባዶ ይመስላል። ባዶ አይደለም።» ሕይወቱን ሙሉ የያዘውን ነገር እየጣለ ነበር፣ እንደሚጥለውም ያውቃል።

ስልኩ ላይ ልብ መጣ፣ ልብ፣ ልብ፣ ልብ። ማር ቆራጮቹ ሰላምታ ጻፉ። ከዚያ ቀጮ ጻፈ። ላይቭ አንብባው ዝም ልትል ነበር፣ አባቷ «ምን አለ?» ሲላት ጊዜ አነበበችለት።

«‹ድፍን፣ አንተ ሰውዬ፣ ምን ቆርጦህ ነው እኔ ቦታ የገባኸው?› ይላል።»

«የማን ቦታ?»

«የኔ» አለ ሸምበቆው።

ሸምበቆው ተከፈለና ቀጮ ከነጀልባው ብቅ አለ። በአንድ እጁ መቅዘፊያ፣ በአንድ እጁ ስልክ፤ ስልኩ ላይ እኛው እንታያለን። መረቡ ተጥሏል። ሲያጠምድ አድሮ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ የምትመጣው?» አለው ጋሼ።

«ከአባቴ ጀምሮ።»

«አባትህ ድልድዩ ጋ ነበር የሚያጠምደው።»

«ያንተ አባት ደግሞ ቋጥኙ ጋ። ነግሮናል እኮ፣ ሙልጭ አድርጎ ነው የዋሸን።»

ይሄን ሲባባሉ በግራ በኩል ያለው ሸምበቆ ተንኮሻኮሸ። የሰፈራችን መንታ አጥማጆች ናቸው፤ ከታላቅየው ጉንጭ ላይ እንቅልፉ አልለቀቀም። «እናንተ፣ እዚህ ምን ትሠራላችሁ? ይሄ የኛ ነው» አሉ፣ አንደኛው ጀምሮ ሌላኛው ጨርሶ። ወዲያው እማማ ቢላ በስልኩ ድምፅ ላከች። «ትልቁ ዛፍ ጋ ያለው የባሌ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። እጃችሁን አንሱ። እያየኋችሁ ነው።»

ለካ ሁሉም የሚያጠምደው ጉያ ነበር። እያንዳንዱ በየራሱ የሸምበቆ ቀዳዳ እየገባ፣ አንዱ ሲወጣ አንዱ እየገባ፣ እዚያው ውሃ ላይ ተራርቀው ሲያጠምዱ ኖረዋል። እያንዳንዱ ብቻዬን ነኝ ብሎ።

ሌላ ልጅ ብትሆን ስልኩን ዘግታ ታስታርቃቸው ነበር። ላይቭ ግን ላይቭ ናት። ስልኩን አልዘጋችም። «ጋሼ ቀጮ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጮክ ብለህ ንገረን እስቲ። ፊትህን ወደዚህ» አለች። «መንታዎቹ፣ ማስረጃ አላችሁ?»

ማስረጃ ሲባሉ እልህ ውስጥ ገቡ። ቀጮ አባቱ ያሰመጠውን የመልሕቅ ድንጋይ ከነገመዱ ከውሃ ጎትቶ አወጣ። መንታዎቹ የአያታቸው የጀልባ ማሰሪያ የበላውን የዛፍ ግንድ አሳዩ። ጋሼ ችካሎቹን ይነቀንቃል፣ «ይሄ በምን የተተከለ ይመስልሃል? በአፍ?» እያለ። አንዱ ሌላውን ወራሪ ለማስባል ሲል የአባት የአያቱን ሁሉ ዘረገፈ። ላይቭ አንዱንም ሳታስቀር ያዘችው። እኔ በሳቅ ሆዴን ይዤ ጀልባው ወለል ላይ ተቀምጬ ነበር።

ጠቡን ማር ቆራጮቹ ቆርጠው አጋሩት፤ ከላዩ «ማንም የማይጠቀምበት ውሃ» ብለው ጻፉበት። ሌላ ምንም አልጻፉም። ከተማው በሱ ዋለ፣ በሱ አመሸ። ያቺው «እነዚህ ሰዎች እኮ» የምትለው ደንበኛዬ ካስክ ውስጥ ሆና «አንቺ፣ ግን ትክክሉ ማን ነው? እኔ የጋሼን ችካል ነው የማምነው» ስትለኝ ቢጉዲኑን ላላ አደረግሁላት። አጠገቧ ያለችው ደግሞ የቀጮ ወገን ሆና ተነሳች፤ ድንጋዩ ችካሉን ይበልጣል ብላ። በኛ ጉዳይ ከተሜ ከከተሜ ሲጨቃጨቅ ያኔ ነው ያየሁት።

ሰው እየተከፋፈለ ሲጨቃጨቅ የአጥማጆቹ ተቃውሞ ወሩ ሳያልቅ በየስማቸው ለቢሮው ገባ፤ ከነቪዲዮው፣ ከነቦታው። ቃል አቀባዩም ወጡ። ክራባት፣ ጉሮሮ። «አዲስ፣ እእእ፣ መረጃ በመገኘቱ...» አሉ። ከዚያ ከቢሮው አንድ ባለሙያ መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ ጫማውን አውልቆ ጀልባ ላይ ወጣ፤ ጋሼና ቀጮ እየተሻሙ አዞሩት። ማስታወቂያው ተነሳ። ጉያ የሐይቁ ሰዎች የሚያጠምዱበት ውሃ ተብሎ ካርታው ላይ ቀይ ገባበት፤ ድርጅቱም ከሸምበቆው ርቆ ክፍቱን ውሃ እንዲጠይቅ ተነገረው።

እትዬ የዚያን ዕለት ማታ ራት እያቀረበች ነው የተናገረችው። «ዕድሜዬን ሙሉ ከኔ የደበቅከውን ለዓለም ዘረገፍከው አይደል?»

«ላንቺ ልነግርሽ ነበር» አለ ጋሼ።

«እኔማ አውቃለሁ። ሱሪህን የማጥበው እኔ አይደለሁ? የድልድዩ ጭቃ ጥቁር ነው፣ አንተ ይዘህ የምትመጣው ቀይ ነው።»

ጋሼ ጉርሻው አፉ ውስጥ ቀረ። ላይቭ እጇን ወደ ስልኳ ስትሰድ ሁለቱም እኩል አዩዋት፣ መለሰችው።

አሁን በተራ ነው የሚያጠምዱት። ተራውን ለመያዝ መረብ መጠገኛው ዳስ ውስጥ ይሰበሰባሉ፣ ሲጣሉ ከሩቅ ይሰማል። ጋሼ ድፍን ያመጣው ዓሣ እንደ ድሮው ክንድ አያህልም፤ አንዳንዴ የቀጮ ይበልጣል። ቅር ይለው እንደሆን ብዬ አየዋለሁ። ሻዩን ይጠጣል፣ ጆንያ ከሚገልጡት ጋር ቆሞ ያወራል፣ ከየት ነው ሲሉት በእጁ ያመለክታል። መጀመሪያ መጀመሪያ ጣቱ ወደ ድልድዩ ይሄድበትና መንገድ ላይ ይመልሰው ነበር። አሁን ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ባለፈው ደግሞ ማር ቆራጮቹ ለላይቭ ጻፉ። ጫካቸውን ሊመነጥሩባቸው ነው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ቀፎ የተሰቀለበትን ዛፍ በቪዲዮ ማሳየት አይፈልጉም፣ አባቶቻችን የደበቁትን እኛ አናወጣም ይላሉ። «አባትሽን እንዴት አሳመንሽው?» ነው ጥያቄው። ላይቭ ስልኩን ለአባቷ ሰጠችው፣ ድምፁን ቀርጾ እንዲመልስ። እሱም የመቅረጫውን ምልክት በአውራ ጣቱ፣ በርበሬ እንደሚፈጭ ሰው፣ ተጭኖ ያዘው።

«ሽማግሌዎቹን አታስጨንቋቸው» አለ። «የያዛቸው ነገር ገብቶኛል። ቦታ ስትናገር ከሆድህ የሆነ ነገር የሚነቀል ይመስልሃል። ይነቀላልም። እኔ ቀርቶብኛል፣ አልዋሽም። ግን ውሃውን ጠዋት ጠዋት አየዋለሁ። ብቻ ሁሉንም አንድ ላይ አትለምኑ። አንዱ ይውጣ። የቀሩት ተናደው ይከተሉታል።»

ቀጮ አጠገቡ ነበር። «ተናዶ የተከተለው ማን ነው? እኔ እዚያው አልነበርኩም እንዴ? ሲያጠምድ ያደረው ማን ነው?» አለ። ጋሼ መለሰለት፣ ቀጮ መለሰለት፣ አውራ ጣቱ ከስልኩ አልተነሳም። ጠቡ ከነምክሩ ተላከ።

መልሱ ቆየት ብሎ መጣ። ቪዲዮ ነው። አንድ ሽማግሌ ግዙፍ ዛፍ ሥር ቆመው እየተቆጡ ወደ ላይ፣ ወደ ቀፎው፣ በዱላቸው ያሳያሉ። ከኋላቸው በቁጥቋጦው መሃል ሌላ ሽማግሌ ዱላቸውን እያወዛወዙ እየሮጡ ይመጣሉ።

ጋሼ ድፍን እስከ መጨረሻው አየው፣ ከዚያ ስልኩን ለቀጮ አቀበለው።

«የሚሮጠው አንተን ነው የሚመስለው» አለው።